ስክሪን ሠርቶ ማሳየትና ሰው ሲጠቀም ማየት፦ ከጅማ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከጅማ የመጡ ናቸው። የሚያጠነጥኑት ለዩኒቨርሲቲ የኮምፒውቲንግ ተማሪዎች በሚሰጠው የዩዘር ኢንተርፌስ (ተጠቃሚው የሚያየውና የሚነካው ስክሪን) ዲዛይንና የዩዛቢሊቲ (ለተጠቃሚ ምቹ የመሆን) ትምህርት ላይ ነው። ከመምህራንና ከተማሪዎች ሌላ አንዲት ባለሱቅ ጽፈውልናል፤ የእሳቸውን ደብዳቤ መምህራን ሁሉ ቢያነቡት እንወዳለን።

ጥያቄ፦ የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር ኮርስ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። 62 ተማሪዎች አሉኝ። ላቡ ውስጥ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 25 ገደማ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ እነሱም የሉም። ኮርሱ እስካሁን በስላይድ ብቻ ሲሰጥ ነው የኖረው። ተማሪዎቹ መርሆቹን በቃላቸው ይወጡታል፤ ፕሮጀክት ሲሰጣቸው ግን ከኢንተርኔት የወረደ ያማረ ስክሪን ይዘው ይመጣሉ። ያለ በቂ ላብ እንዴት በተግባር ላስተምር?
መምህር፣ ከጅማ

መልስ፦ ላቡ ለዚህ ኮርስ የሚመስልዎትን ያህል አስፈላጊ አይደለም። ኮድ ሲሳሳት ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ፣ ይናገራል፤ ስክሪን ሲሳሳት ግን የሚናገር ማሽን የለም። ስህተቱ የሚታየው ስክሪኑን ያልሠራ ሰው ሥራውን ሊጨርስበት ሲሞክር ነው። ተማሪዎችዎ መርሆቹን እያወቁ የወረደ ስክሪን የሚያቀርቡት፣ አንድም ሰው ሲጠቀም ቁጭ ብለው ስላላዩ ነው። ኮርሱን በዚያ ዙሪያ ያዋቅሩት፤ ለዚያ ደግሞ ወረቀት ይበቃል።

አንድ ኤ4 ወረቀት በወርዱ ለሦስት፣ በቁመቱ ለሁለት ከፍለው ይቁረጡ። 21 ሴንቲ ሜትሩ ለሦስት ሲካፈል 7፣ 29.7ቱ ለሁለት ሲካፈል 14.85 ይመጣል። ከአንድ ወረቀት ስድስት የስማርት ስልክ ስክሪን ልክ የሆኑ ቁራጮች አገኙ ማለት ነው። በእውነተኛው መጠን መሥራቱ ትልቅ ጥቅም አለው። አንድሮይድ ጣት ለሚያርፍበት ነገር ሁሉ የሚመክረው ትንሹ መጠን 48 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ)፣ ስክሪን ላይ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ተማሪው የሳለውን ቁልፍ በማስመሪያ ይለካው፤ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከተገኘ እዚያው አጥፍቶ ያስፋው። ለአንድ ግሩፕ አሥር ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቀስ፣ ማስመሪያና ጥቂት ተለጣፊ ወረቀት ይበቃል። ተለጣፊው ድንገት ብቅ ለሚሉ መልእክቶችና ሲነኩ ለሚዘረጉ ዝርዝሮች ነው። ባለቀለም እስክሪብቶ ይከልክሉ። ተጠቃሚው ያማረ ሥዕል ሲያይ አስተያየት ለመስጠት ይፈራል፤ ተማሪውም የደከመበትን ለመጣል ይሳሳል።

62ቱን በ12 ግሩፕ ይክፈሏቸው፤ አሥሩ አምስት አምስት፣ ሁለቱ ስድስት ስድስት ይሆናሉ። «የቤተ መጻሕፍት ማኔጅመንት ሲስተም» የሚባለውን ርዕስ ይዝጉት። ተማሪው ከቀደሙት ዶክመንት ይገለብጠዋል፤ ተጠቃሚውም ራሱ ስለሆነ የማያውቀውን ሰው ማሰብ አይገደድም። በምትኩ በከተማውና በዙሪያው ያለ ሥራ ይስጧቸው፦ የእሸት ቡና መረከቢያ መዝገብ፣ የሱቅ ዱቤ፣ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ፣ የባጃጅ ተራ።

የቡናውን እንውሰድ። ወቅቱ የቡና ለቀማ ከሆነ ግሩፑ አንድም መስመር ሳይስል መረከቢያው ቦታ ሄዶ አንድ ሰዓት ይቁም። የሚያየው ነገር ዲዛይኑን ይቀይረዋል። እሸት ቡና ሲመዝን የዋለ ሰው እጁ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ጣት ደግሞ በንክኪ በሚሠራ ስክሪን ላይ በደንብ አይሠራም። ስለዚህ መጻፍ ያለበት ነገር ማነስ፣ ቁልፎቹ መስፋትና መራራቅ አለባቸው። ክብደቱ በድምፅ ይጠራል፤ ሰልፍ አለ፤ ስለዚህ ለአንድ አርሶ አደር አራት ስክሪን ማለፍ አይቻልም። ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሲሆን በኪሎ የሚናገር አለ፣ በፈረሱላ የሚናገርም አለ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ከቁጥሩ ጎን መለኪያው በጉልህ ካልተጻፈ፣ 3 ፈረሱላ (51 ኪሎ) ለማለት ኪሎ በሚጠብቀው ቦታ «3» ብሎ ያስገባው ሰው 48 ኪሎ አጎደለ ማለት ነው።

ሙከራው ላይ አንዱ ተማሪ መሪ ነው፤ ተግባሩን አንብቦ ይሰጣል። አንዱ «ኮምፒውተር» ይሆናል፤ ተጠቃሚው በጣቱ የነካውን አይቶ ቀጣዩን ወረቀት ያስቀምጣል፣ አፉን ግን አይከፍትም። ሁለቱ ይጽፋሉ፤ አምስተኛው ሰዓት ይይዛል፣ ስክሪኖቹንም በተራ ያሰናዳል። ተግባሩ በካርድ ይጻፍ። «‹አዲስ መዝግብ› የሚለውን ነክተው ስም ያስገቡ» የሚል ካርድ ዋጋ የለውም፤ መልሱን ተናግሯል። «አንድ አርሶ አደር 43 ኪሎ እሸት ቡና ይዞ መጥቷል። ደረሰኙን ይዞ እስኪሄድ ድረስ ያስተናግዱት» የሚለው ግን ተጠቃሚው መንገዱን ራሱ እንዲፈልግ ያደርጋል። ስክሪኑ ላይ ያለ ቃል ካርዱ ላይ እንዳይደገም አስቀድመው ይመልከቱ።

የሚጽፉት ተማሪዎች ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ ደቂቃ፣ የስክሪን ቁጥር፣ የተደረገውና የተባለው። «ግራ ተጋባ» ብሎ መጻፍ አይፈቀድም፤ እሱ የጸሐፊው ግምት ነው። «ጣቱ ‹ላክ› ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ‹የሚላከው ብሩ ነው ወይስ ወረቀቱ?› አለ» ይጻፍ። ከዚህ አንዲት መስመር ውስጥ መፍትሔው ራሱ ይወጣል፤ «ግራ ተጋባ» ከሚለው ምንም አይወጣም።

ስንት ሰው ይሞከር? የዩዛቢሊቲ ተመራማሪዎቹ ኒልሰንና ላንዳወር በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት አንድ ተጠቃሚ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶውን ያሳያል። በዚያ ሒሳብ ሦስት ሰው 67፣ አምስት ሰው 84 በመቶ ገደማ ያስገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው በአብዛኛው የታየውን ነው የሚደግመው። ስለዚህ አሥር ሰው አንዴ ከመሞከር አምስት ሰው ሞክሮ፣ አስተካክሎ፣ ሌላ አምስት መሞከር ይሻላል። ስሌቱ ተጠቃሚዎቹ ተመሳሳይ ሲሆኑ ነው የሚሠራው፤ አርሶ አደሩም መዛኙም የሚጠቀሙበት ከሆነ ከእያንዳንዱ ወገን ሦስት አራት ሰው ያስፈልጋል። አምስት ሰው ለአምስት ተማሪ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ጊዜ መሪ ይሆናል፤ የሚደበቅ አይኖርም።

አሁን ወደሚበላሸው ነገር እንሂድ። የመጀመሪያው ተማሪው መርዳቱ ነው። ተጠቃሚው ሲቆም ተማሪው መታገሥ አይችልም፣ «ከላይ ያለው» ይላል፤ በዚያች ቅጽበት ሙከራው አለቀ። ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ያስተምሯቸው። ተጠቃሚው ዝም ሲል «አሁን ምን እየፈለጉ ነው?» ተጠቃሚው «ይሄን ብነካው ምን ይሆናል?» ሲል ደግሞ «እርስዎ ምን ይሆናል ብለው ያስባሉ?» ሁለተኛው የዶርም ጓደኛን መሞከር ነው። የኮምፒውቲንግ ተማሪ ሦስቷ ሰረዝ ሜኑ መሆኗን ያውቃል፤ የቡና መዛኙ ላያውቅ ይችላል።

ሦስተኛው ይሉኝታ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ሰው የሠራውን ፊት ለፊቱ ማጣጣል በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ ተጠቃሚው ተቸግሮ እንኳ «ጥሩ ነው፣ በርቱ ልጆቼ» ብሎ ይሸኛቸዋል። ለዚህ ሁለት መላ አለ። አንደኛው ግሩፖቹ ፕሮቶታይፕ (ለሙከራ የሠሯቸውን ስክሪኖች) ይቀያየሩ፤ ያኔ መሪው «ይህን የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ የእኛ ሥራ የሚያስቸግረውን ማግኘት ነው» ሲል እውነቱን ነው። ሁለተኛው ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎችን አብሮ ማስቀመጥ ነው። ብቻውን ሆኖ ጮክ ብሎ ማሰብ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው፤ ከጎኑ ወዳጁ ካለ ግን «አይ፣ እሱን አትንካው፣ ብሩን ያጠፋብሃል» እያለ ሐሳቡን ሁሉ ያወጣዋል። እኛ ሁለተኛውን እናስበልጣለን።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የሴሚስተሩን አራተኛ ሳምንት ለምልከታ፣ አምስተኛውን ለወረቀት ሥራ፣ ስድስተኛውን በክፍል ውስጥ ለመለማመድ፣ ሰባተኛውን ለውጭ ሙከራ ይስጡ። ሁለተኛው ዙር አሥረኛው ሳምንት አካባቢ ይሁን፤ ኮድ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጅማ ውስጥ ይህን ማድረግ ከብዙ ቦታ ይቀላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርቱ የሚታወቅ በመሆኑ፣ የከተማው ሰው ተማሪ ደብተር ይዞ ሲጠይቀው አዲስ አይሆንበትም።

ጥያቄ፦ ሕርማታ መርካቶ አካባቢ ሱቅ አለኝ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጥተው የዱቤ መዝገብ የሚሆን አፕ ሠርተናል፣ ይሞክሩልን አሉኝ። ስልኩ ገና ከመጀመሪያው የደንበኛ ስልክ ቁጥር አስገቢ አለኝ። እኔ የማንን ስልክ አውቃለሁ? ደብተሬ ላይ የምጽፈው «የባጃጁ ልጅ»፣ «የፋጡማ ጎረቤት» ብዬ ነው። አንደኛው ልጅ እየደጋገመ «እዚህ ጋ እኮ ነው፣ ይኸው!» ይላል፤ ደንበኛ ቆሞ ይስቃል። በመጨረሻ «አልቻሉም» ብለው ጽፈው ሄዱ። ስላልተማርኩ ነው? ሌላ ቀን ቢመጡ እምቢ ልበል?
ባለሱቅ፣ ከጅማ

መልስ፦ እናታችን፣ የተፈተነው አፑ ነው፤ የወደቀውም አፑ ነው። እርስዎ ደንበኛዎን የሚያውቁት በስልክ ቁጥር አይደለም፤ ልጆቹ ግን ያለ ስልክ ቁጥር ወደፊት እንዳያልፉ አድርገው ሠሩት። ለሥራቸው ከዚህ የሚበልጥ መረጃ አልነበረም፤ ሊጽፉት የሚገባም እሱን ነበር፦ «ስክሪን 1 ላይ ቆሙ፤ ደንበኛን በቅጽል ነው የሚይዙት፤ ስልክ ቁጥር ግዴታ መሆኑ ይቅር።»

እምቢ አይበሉ፤ ነገር ግን በራስዎ ሁኔታ ይሁን። ሰዓቱን እርስዎ ይምረጡ፤ ሐሙስ በገበያ ቀን አይምጡብኝ ይበሏቸው። ምን እንደሚሞክሩና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አስቀድመው ይንገሩዎት፤ ከግማሽ ሰዓት የሚበልጥ ከሆነ አይቀበሉ። ፎቶና ድምፅ ያለ ፈቃድዎ አይወሰድም። መካከል ላይ ማቆም ቢፈልጉ ምክንያት አይጠየቁም። ሰው በተሰበሰበበት አይሁን። «ይኸው እዚህ ጋ» የሚል ሲመጣ «ዝም በል ልጄ፣ ራሴ ልፈልገው» ይበሉት። ያስተካከሉትን ይዘው ተመልሰው እንዲያሳዩዎትም ይጠይቋቸው፤ ሁለተኛው ዙር የእነሱም የትምህርት አካል ነው።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪ ወደ ሰው ሱቅ ከመላኩ በፊት ይህን አንቀጽ ያንብብ። «አልቻሉም» የሚል ቃል ያለበት ሪፖርት ደግሞ ይመለስለት።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነን። ለጤና ጣቢያ የቀጠሮ አፕ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እየሠራን ነው። ቋንቋው ሲቀየር ጽሑፉ ከቁልፉ ይወጣል። ካርድ ክፍል ያሉት ባለሙያዎች ደግሞ የተመዘገበ ሰው ፈልገው እንደሚያጡ፣ ሰዓቱም እንደሚምታታ ነገሩን። ከየቱ እንጀምር?
ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ

መልስ፦ ከሰዓቱ ጀምሩ፤ ሰው የሚጎዳው እሱ ነው። ስክሪኑ «9:00» ሲል ታካሚው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ይመጣል፤ ሐኪሙ የጠበቀው ከጠዋቱ ሦስት ላይ ነበር። ዳታቤዙ ውስጥ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አስቀምጡ፤ ሰው የሚያየው ግን ሁልጊዜ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት»፣ «ከቀኑ 9 ሰዓት» ተብሎ የቀኑ ክፍል የተጻፈበት ይሁን። ባለሙያው ሰዓት በቁጥር እንዲጽፍ አታድርጉ፤ ክሊኒኩ የሚሠራባቸውን ሰዓቶች ዘርዝሩና ይምረጥ።

ቀኑም እንደዚያው ነው። ስልኩ የሚያመጣው ካላንደር የፈረንጆቹ ስለሆነ ባለሙያው በጭንቅላቱ እየቀየረ ያስገባል፣ ይሳሳታልም። 13 ወር ያለው መምረጫ ሥሩ፤ ጳጉሜ 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን መሆኑን አትርሱ፤ 2015 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ነበረው። ዓመቱን ብቻ 7 ወይም 8 ቀንሶ መቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ያሳስታል። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው የቀን ማሳያ መሣሪያ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል፤ ለማሳየት እሱን ተጠቀሙ፣ የራሳችሁን ቀመር አትጻፉ። የልደት ቀንን ደግሞ ግዴታ አታድርጉት። የተወለዱበትን ቀን የማያውቁ አዛውንት ብዙ ናቸው፤ ፎርሙ ዕድሜን ብቻ የማይቀበል ከሆነ ባለሙያው «መስከረም 1» እያለ ይሞላዋል፤ መዝገቡም በአንድ ቀን በተወለዱ ሰዎች ይሞላል።

ሰው ፈልጎ ማጣቱ የፊደል ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም። አንዱ ባለሙያ «ፀሐይ» ብሎ መዝግቦ ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ይፈልጋል፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የማይገናኙ ናቸው። ስሙን ሰውየው በሚጽፈው መልክ አስቀምጡ፤ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ ጨምሩና እዚያ ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰና ሠን ወደ አንድ፣ አና ዐን ወደ አንድ፣ ጸና ፀን ወደ አንድ አምጧቸው። ሃ፣ ሓ፣ ኃ እና ኣ፣ ዓም መጠቃለላቸውን አረጋግጡ። የሚፈለገውንም ቃል በዚያው ደንብ ቀይራችሁ አመሳስሉ። በቁቤ የተጻፈ ስም ላይ ደግሞ ሁዻ የምትባለው ምልክት (') አለች። ከላቲን ፊደል ሌላ አልቀበልም የሚል ፎርም ትክክለኛውን ስም ስህተት ነው ብሎ ይመልሳል፤ የዳታቤዝ ትእዛዙን ጽሑፍ በመቀጣጠል የሠራችሁት ከሆነም ያቺ ምልክት ትእዛዙን ትሰብረዋለች።

ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሦስት ቦታ ይሁን፤ ዝርዝሩም በራሱ በሰውየው ስም ይደርደር። የውጭ ቴምፕሌት በአባት ስም ስለሚደረድር ካርድ ክፍሉ ሰዉን ያጣዋል።

ከቁልፉ የሚወጣው ጽሑፍ ቀላሉ ነው። የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ አናባቢና ተነባቢ ስለሚደጋግም ይረዝማል። ስክሪኑን መጀመሪያ በረዥሙ ቋንቋ ንደፉ፤ የቁልፉን ስፋት በቁጥር አትወስኑት፣ ጽሑፉ ሁለት መስመር ቢሆንም እንዲችል አድርጉት። ለግዕዙ ፊደል መጠኑን ከላቲኑ አንድ ሁለት ነጥብ ከፍ አድርጉ፤ የመስመር ርቀቱንም የፊደሉን 1.6 እጥፍ ያህል አድርጉ። ቀ እና ቁ የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ሲያንሱ አይነበቡም። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ርዕስን በመጠንና በድምቀት ለዩ፣ በማዘንበል አትሞክሩት።

የማስታወሻ አጭር መልእክት ከላካችሁ፣ በግዕዝ ፊደል አንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ነው፤ በላቲን 160 ነው። ከ70 ሲያልፍ በ67 በ67 ይቆራረጣል፣ ክፍያውም ያንኑ ያህል ይበዛል። «ቀጠሮዎ ማክሰኞ ጥቅምት 12 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ካርድዎን ይያዙ።» የሚለው ከነክፍተቱ 43 ነው፤ ለጤና ጣቢያው ስም 26 ፊደልና አንድ ክፍተት ይተርፋችኋል።

ጥያቄ፦ የስክሪን መንደፊያው ፊግማ በኛ ኢንተርኔት አይከፈትም። ዲዛይን ያለ ፊግማ ይቻላል?
የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ ይቻላል። ከወረቀቱ በኋላ በቀጥታ ወደ ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) መግባት ለኮምፒውቲንግ ተማሪ እንዲያውም ይጠቅማል። ዲፓርትመንቱ ሰርቨር ካለው ክፍት ምንጭ የሆነውን ፊግማ መሰል መንደፊያ፣ ፔንፖትን፣ እዚያው መጫን ይቻላል፤ ያኔ በግቢው ኔትወርክ ይሠራል። ፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ውሰድ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። መሙያ ጽሑፍ አትጠቀም፤ ትክክለኛውን አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ጻፍበት። የጽሑፉና የጀርባው ንጣት ልዩነት ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፤ ይህ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው መለኪያ ነው። ከዚያ ስልኩን ይዘህ ፀሐይ ላይ ውጣና አንብበው።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ «የኛ ዲዛይን ከእነሱ ያምራል፣ ለምን ማርክ ተቀነሰብን?» ይላሉ። በምን ልመዝን?
መምህር፣ ከጅማ

መልስ፦ በውበት መመዘን ቡናን ሳይቀምሱ በፍሬው ቀለም ደረጃ እንደ መስጠት ነው። ማስረጃን ይመዝኑ። እኛ የምንመክረው ክፍፍል ይህ ነው፦ በሙከራው ቦታ በእጅ የተጻፈው ማስታወሻ 25፣ የችግሮች ዝርዝር ከነክብደታቸው 20፣ የተደረገው ለውጥና ምክንያቱ 25፣ ሁለተኛው ዙር 10፣ የመጀመሪያው ፕሮቶታይፕ 10፣ የግል የቃል ጥያቄ 10። የመጀመሪያው ፕሮቶታይፕ ዝቅተኛ ማርክ የተሰጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ደካማ ሆኖ ቢጀምር ማንም አይጎዳም፣ ተማሪውም ስህተቱን አይደብቅም።

የችግር ክብደት በኒልሰን መለኪያ ከ0 እስከ 4 ይሰጥ፦ 0 ችግር አይደለም፣ 1 የመልክ ጉዳይ፣ 2 ቀላል፣ 3 ከባድ፣ 4 ሳይስተካከል ለሕዝብ የማይወጣ። እያንዳንዱ የግሩፑ አባል ለብቻው ነጥብ ይስጥ፣ ከዚያ ያነጻጽሩ። አብረው ተቀምጠው ሲሰጡ ጮክ ብሎ የሚናገረው ልጅ ነጥብ የሁሉም ይሆናል።

አንድ ደንብ ያለ ድርድር ያስከብሩ፦ ከማስታወሻው ውስጥ መነሻ የሌለው ለውጥ ማርክ የለውም። «ቀለሙን ወደ ሰማያዊ ቀየርን» ያለ ግሩፕ የትኛው ተጠቃሚ፣ በየትኛው ስክሪን፣ ምን ስላደረገ እንደቀየረ ያሳይ። በቃል ጥያቄው ላይ ደግሞ ከማስታወሻው አንዷን መስመር መርጠው «ይህ ሲሆን አንተ የት ተቀምጠህ ነበር? ከዚያስ ምን አደረገ?» ይበሉት። ሜዳ ያልወጣ ልጅ እዚህ ላይ ይታወቃል። ዶርም ውስጥ የተፈበረከ ማስታወሻም በቀላሉ ይለያል፤ ሁሉም ተጠቃሚ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይናገራል፣ ሁሉም ይሳካለታል፣ ስርዝ ድልዝ የለውም።

ጥያቄ፦ የሲኒየር ፕሮጀክታችን ኮድ አልቋል፤ ዲፌንስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አሥር ጥያቄ ያለውን የሲስተም ዩዛቢሊቲ መጠይቅ ለአምስት ሰው አስሞልተን 91 አገኘን፤ አማካሪያችን ግን አልተቀበሉንም። ለምን?
የመመረቂያ ዓመት ተማሪዎች፣ ከጅማ

መልስ፦ መጀመሪያ ሒሳባችሁን እንየው። ይህ መጠይቅ በ1986 እ.ኤ.አ. በጆን ብሩክ የተሠራ ነው። ተራ ቁጥራቸው ጎደሎ (1፣ 3፣ 5…) የሆኑት አምስቱ ዐረፍተ ነገሮች ሲስተሙን ያሞግሳሉ፣ ሙሉ (2፣ 4፣ 6…) የሆኑት አምስቱ ይነቅፋሉ። ከጎደሎዎቹ መልስ 1 ይቀነሳል፤ የሙሉዎቹ መልስ ከ5 ላይ ይቀነሳል፤ ድምሩ በ2.5 ይባዛል። አንድ ሰው ለጎደሎዎቹ 4፣ 4፣ 5፣ 3፣ 4፣ ለሙሉዎቹ 2፣ 3፣ 1፣ 2፣ 2 ቢሞላ ከሁለቱም 15፣ 15 ይመጣል፤ 30 በ2.5 ሲባዛ 75 ነው። ብዙ ተማሪ አሥሩን ደምሮ በ2 ያባዛል። ቀመራችሁን በዚህ ፈትሹ፦ ሁሉንም 5 የሞላ ሰው በትክክለኛው ስሌት 50 ብቻ ያገኛል፤ የእናንተ 100 ካወጣለት ተሳስታችኋል። ሁሉንም 5 የሞላ ሰው ደግሞ ጥያቄውን አላነበበም ወይም በይሉኝታ አክብሯችኋል፤ የነቀፌታዎቹን ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ጮክ ብላችሁ ብታነቡለት ኖሮ ይለወጥ ነበር።

ስሌቱ ትክክል ቢሆን እንኳ 91 በመቶኛ አይደለም፤ በብዙ ጥናቶች አማካዩ 68 የሆነ ነጥብ ነው። ሰው ምን እንደተሰማው እንጂ የት እንደቆመ አይናገርም። ዓለም አቀፉ ደረጃ አይኤስኦ 9241-11 ዩዛቢሊቲን በሦስት ነገር ይመዝናል፦ ሥራው ተሳክቷል ወይ፣ በምን ያህል ጊዜና ድካም፣ ተጠቃሚውስ ረክቷል ወይ። እናንተ የመለሳችሁት ሦስተኛውን ብቻ ነው።

ሦስት ሳምንት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ስልኩን ሰጥታችሁ አምስት ትክክለኛ ተጠቃሚዎችን በአራት ተግባር ሞክሩ፤ ማን ጨረሰ፣ በስንት ደቂቃ፣ ስንት ጊዜ ተሳሳተ ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛውን ሳምንት ለማስተካከል ስጡ፤ አዲስ ፊቸር አትጨምሩ። የቁልፍ ስሞችን፣ የፎርሙን ቅደም ተከተል፣ ግዴታ የሆኑ ቦታዎችንና የስህተት መልእክቶችን ብቻ ንኩ። «ኢረር 500» የሚለውን «አልተመዘገበም፤ ኔትወርክ የለም። የሞሉት አልጠፋም፣ ቆይተው ‹መዝግብ› የሚለውን ይንኩ» በሚል ተኩ፤ የሞሉት በእርግጥ አለመጥፋቱንም በኮዱ አረጋግጡ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሎች ሦስት ሰዎችን በዚያው አራት ተግባር ሞክሩና በፊትና በኋላ ያለውን በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሠንጠረዡ ላይ «40 በመቶ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ከአምስት ሰው መቶኛ አይወጣም። «ከ5ቱ 2ቱ ጨርሰዋል» በሉ፤ ሦስቱ ያልጨረሱት የት ስክሪን ላይ እንደቆሙም ከሥሩ ጻፉ።